«እንዴት አደሩ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም

ጎጃም ውስጥ አልጋ የያዘ እንግዳ ቅር ያሰኘውን ነገር ብዙ ጊዜ አይናገርም። ሌሊቱን ትኋን ሲበላው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተለቃልቆ፣ ከሥሩ ባለው ሙዚቃ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰው ጠዋት ቁልፍ ሲያስረክብ «እንዴት አደሩ?» ቢባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ሻንጣውን ያነሳል። ይሉኝታ ይይዘዋል፤ መንገደኛ ስለሆነም ለጭቅጭቅ ጊዜ የለውም። ባለቤቱ እንግዳዬ ደስ ብሎት ሄደ ብሎ ያስባል። ቅሬታው ግን መናኸሪያ ሲደርስ ለአጠገቡ ሰው ይነገራል፣ ለሾፌሩ ይነገራል፣ ለዘመድ በስልክ ይነገራል። ቤቱ ለምን አልጋ እንደማይሞላ ባለቤቱ ሳያውቀው ዓመት ያልፋል።

ስለዚህ ከባሕር ዳር ትልልቅ ሆቴሎች ጀምሮ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም አልጋ ቤቶች ድረስ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ቅሬታ እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም፤ ራሱ ሄዶ መፈለግ አለበት። አብዛኛው ቅሬታ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለ ነው። «እንዴት አደሩ?» ሰላምታ ነው፤ መልሱም የታወቀ ነው። «ውሃው ሞቀልዎ?»፣ «ብርድ ልብሱ ይበቃዎታል ወይስ ልጨምርልዎ?» የሚሉት ግን እውነተኛ መልስ ያመጣሉ። ጊዜያቸውም ጠዋት ሒሳብ ሲዘጋ አይደለም፤ ያኔ የሚስተካከል ነገር የለም። እንግዳው ክፍሉ በገባ በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው።

ከሁሉ የሚበዛው የሙቅ ውሃ ቅሬታ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆኑ ማለዳ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ብዙ ቤቶች በየክፍሉ 50 ሊትር የሚይዝ ባለ 1,500 ዋት ቦይለር ሰቅለዋል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነስቶ 60 ዲግሪ እንዲደርስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈልጋል። ያ ቦይለር ይህን ለመስጠት 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ቤቱ ግን መብራት ለመቆጠብ ብሎ ቦይለሩን አጥፍቶ ያቆይና እንግዳው ሲገባ አብርቶ «ትንሽ ይጠብቁ» ይላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ውሃው የጨመረው 6 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ለብ እንኳ አላለም። እንግዳው ቧንቧውን ከፍቶ በእጁ ይሞክራል፣ ይዘጋል፣ «ቦይለራቸው የተበላሸ ነው» ብሎ ሳይታጠብ ይተኛል። ቦይለሩ ጤነኛ ነበር፤ የጠፋው ጊዜ ነው። ማታ 12 ሰዓት ለሚገባ እንግዳ ከ10 ሰዓት በፊት ማብራት ያስፈልጋል። አልጋ በስልክ የያዘ ሰው መቼ እንደሚደርስ የሚጠየቅበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሁለተኛው የሒሳብ ጉዳይ መጠኑ ነው። 60 ዲግሪ የደረሰው 50 ሊትር ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ ለገላ የሚመች 40 ዲግሪ ሲሆን 90 ሊትር ገደማ ይወጣዋል። ቀዝቃዛው ከሥር እየገባ ሙቁን ስለሚበርዘው ግን በተግባር የሚገኘው ከ70 እስከ 80 ሊትር ነው። በደቂቃ 8 ሊትር በሚያወርድ ሻወር ይህ 10 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ባልና ሚስት አንድ ክፍል ከያዙ ሁለተኛው የሚታጠበው በቀዝቃዛ ነው። ለዚህ ትልቅ ቦይለር መግዛት ግድ አይደለም። «አንደኛችሁ ከታጠባችሁ በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቁ» ብሎ አስቀድሞ መንገር ይበቃል። የተነገረው ሰው ይጠብቃል፤ ያልተነገረው ግን ይናደዳል።

ቦይለሩ ሞቆም ቅሬታ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ቧንቧ ሠራተኛው ሙቁንና ቀዝቃዛውን አዛውሮ ሲገጥም ነው። ሰው ሁሉ ቀዩ በግራ ነው ብሎ ስለሚያስብ በግራ በኩል ከፍቶ ሲጠብቅ ይኖራል። መስመሩን ማቃናት የሰዓታት ሥራ ነው፤ እስከዚያው ግን ቀይና ሰማያዊ ምልክቱን ማዛወር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሌላው የሻወሩ ራስ ነው። ከውሃው የሚቀረው ነጭ ድርቀት ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል፤ ፈትቶ ለአንድ ሌሊት አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍና በጥርስ ብሩሽ መፈተግ ያስተካክለዋል። ያው ድርቀት ቦይለሩ ውስጥ ማሞቂያውን ብረት ሸፍኖ ሲይዘው ውሃው ቶሎ አይሞቅም፣ ቆጣሪው ግን መቁጠሩን አያቆምም። በዓመት አንድ ጊዜ ከፍቶ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ውሃውን እዚያው ሻወሩ ላይ የሚያሞቀውን ዕቃ በተመለከተ ግን ጉዳዩ ከቅሬታ ያለፈ ነው። 5,500 ዋት የሚስብ ሻወር በ220 ቮልት 25 አምፔር ይጎትታል። ለሶኬት በተዘረጋ ባለ 2.5 (ውፍረቱ በሚሊሜትር ካሬ) ሽቦ ላይ ሲቀጠል ሽቦው ይግላል፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ አንዳንዱም ብሬከር እንዳይወርድ ብሎ በትልቅ ይቀይረዋል። ይህ እሳት መጥራት ነው። ቢያንስ ባለ 4፣ ቢቻል ባለ 6 ሽቦ ከብሬከሩ ጀምሮ ለብቻው ተስቦ፣ ኧርዝ የሚባለው የመሬት መስመር በትክክል መታሰር አለበት። «ውሃው ትንሽ ይነዝራል» የሚል እንግዳ ካለ ክፍሉ በዚያች ደቂቃ ተዘግቶ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጠራት አለበት፤ ነገ ተብሎ የሚታደር ነገር አይደለም።

ውሃ ጨርሶ የማይወጣበት ሌላ ነው። የከተማው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቦታ ሮቶው ስንት ቀን እንደሚያቆይ ማስላት ያስፈልጋል። 20 ክፍል ያለው ቤት ለአንድ እንግዳ 100 ሊትር ቢታሰብ 2,000 ሊትር፣ ለወጥ ቤትና ለአንሶላ እጥበት ሌላ 1,000 ወይም 1,500 ሊትር በቀን ይፈልጋል። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ ከ10,000 ሊትር ያነሰ ማጠራቀሚያ በሦስተኛው ቀን ማታ ጉድ ይሠራል። ደግሞ ሮቶው ጣሪያ ላይ ስለተቀመጠ ግፊት አለው ማለት አይደለም። አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው አንድ ባር ግፊት ነው። ከላይኛው ፎቅ ሻወር 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ 0.3 ባር ይሰጣል፤ ከዚያ ሦስት ፎቅ ዝቅ ያለው ክፍል አራት እጥፍ ያገኛል። የላይኛው ፎቅ እንግዳ «ውሃው ይንጠባጠባል» ቢል እውነቱን ነው። አንድ ትንሽ ፓምፕ ለዚያ ፎቅ ብቻ ማስገባት፣ ፓምፑንም ከጀነሬተሩ መስመር ጋር ማገናኘት ነው። መብራት ሲሄድ አብሮ የሚቆም ፓምፕ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ሮቶውን ማጠብም አይረሳ። ደለሉ ከወጣና ግድግዳው ከተፈተገ በኋላ ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሮ ሌሊቱን ማሳደር፣ ጠዋት ደፍቶ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ይህ የሚሠራው እንግዳ በሌለበት ቀን፣ ወይም ሌላ ሮቶ ካለ በተራ ነው። በረኪና የበዛበት ውሃ ለእንግዳ ከተለቀቀ የዓይን ማቃጠል ቅሬታ ይከተላል።

የመታጠቢያ ቤት ሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በስህተት የጽዳት ጉድለት ይባላል። እንግዳው «ሽንት ቤቱ አልታጠበም» ይላል፤ አልጋ አንጣፊዋ ትወቀሳለች፤ እሷም በረኪና ትጨምራለች፤ ሽታው ግን ተመልሶ ይመጣል። ከወለሉ መፋሰሻ ሥር ያለው ሲፎን ትንሽ ውሃ ይዞ ነው የፍሳሹን ጋዝ የሚዘጋው። ክፍሉ ሰው ሳይገባበት ሲሰነብት፣ በተለይ በባሕር ዳር ሙቀት፣ ያ ውሃ ይተንና መንገዱ ክፍት ይሆናል። እንግዳ የሌለበትን ክፍል ሁሉ በሳምንት አንድ ጊዜ እየዞሩ መፋሰሻው ላይ አንድ አንድ ሊትር ውሃ ማፍሰስ ሽታውን ያጠፋዋል። ጭራሽ ሲፎን ሳይገጠምለት የተለሰነ ወለል ካለ ግን ውሃ ማፍሰስ አይረዳውም፤ መሰበር አለበት።

ትኋን ላይ ረዘም ብዬ መቆም እፈልጋለሁ፤ ቤት የሚያሳፍር ነገር ስለሆነ ሁሉም ይደብቀዋል፣ በመደበቁ ይራባል። ትኋን የድህነት ወይም የቆሻሻ ምልክት አይደለም፤ በእንግዳ ሻንጣ ገብቶ በእንግዳ ሻንጣ የሚወጣ ነው። አልጋ አንጣፊዋ አንሶላ ስትቀይር የስልኳን መብራት አብርታ አራት ቦታ ትይ፦ የፍራሹን ጠርዝ ስፌት፣ የአልጋው ራስጌ እንጨት የተጋጠመበትን ስንጥቅ፣ ከፍራሹ ሥር ያሉትን ርብራቦች፣ ከራስጌው ጀርባ ያለውን ግድግዳ። የምትፈልገው ራሱን ትኋኑን ብቻ አይደለም። በብዕር ጫፍ የተነካ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ተርታውን ካየች፣ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገው ወደ ቡናማ ቀይ ከለቀቀ፣ ትኋን አለ ማለት ነው። እግርና ቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ የሚነክስ ከሆነ ቁንጫም ሊሆን ይችላል፤ አንገትና ክንድ ላይ ተርታውን የወጣ ንክሻ ግን ወደ ትኋን ያመለክታል።

ሲገኝ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ፍራሹን አውጥቶ ሌላ ክፍል ማስገባት ነው። በአንድ ክፍል የነበረው በሁለት ይሆናል። አንሶላውና መጋረጃው እዚያው ክፍል ውስጥ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ይውጣ፣ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ፤ ሙቀቱ እንቁላሉንም ይገድለዋል። የፈላ ውሃ በአልጋው ስንጥቅ ማፍሰስ የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም፤ የሚገድለው ግን የነካውን ብቻ ነው። ጋዝ መቀባት ለእሳት አደጋ ካልሆነ አይረባም። መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ድጋሚ መረጨት አለበት፤ የመጀመሪያው ርጭት ያልነካው እንቁላል በዚያ ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። «አስረጭተን ነበር፣ ተመልሶ መጣ» የሚሉ ቤቶች አብዛኞቹ ሁለተኛውን ርጭት የዘለሉ ናቸው። ግራና ቀኝ ያሉትም ክፍሎች፣ ከላይና ከታች ያሉትም አብረው መታየት አለባቸው።

የወባ ነገር እንደየከተማው ይለያያል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጣና ዳር ያለች ናት፤ ከክረምቱ መውጣት በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አጎበር የሌለው አልጋ ለእንግዳ መሰጠት የለበትም። አጎበር ተሰቅሎም ቅሬታ ያመጣል። ለአንድ ሰው አልጋ የተሠራው ለድርብ አልጋ ሲሰቀል ጠርዙ ከፍራሹ ሥር አይገባም፤ ሰውነት መረቡን ተደግፎ ሲያድር ደግሞ ትንኟ ከውጭ ሆና ትነክሳለች። መድኃኒት የተነከረውን አጎበር ፀሐይ ላይ ማስጣት መድኃኒቱን ይጎዳዋል፤ በተራ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

ክረምት ላይ አንሶላ የሻጋታ ሽታ ያመጣል፤ ሳይደርቅ ታጥፎ ስለሚቀመጥ ነው። ለአንድ አልጋ ሦስት ጥንድ አንሶላ፦ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ ቁምሳጥን ውስጥ። ለሐምሌና ነሐሴ አራተኛ ያስፈልጋል።

ድምፅን በሚመለከት ከባለቤቶች ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። ከታች ምግብ ቤትና ሙዚቃ፣ ከላይ አልጋ ያለው ቤት «ገቢያችን ከታች ነው» ይላል። ይሁን። ግን ከመጠጥ ቤቱ በላይ ያለውን ክፍል ለአዛውንት፣ ለታማሚ፣ ሌሊት ለሚነሳ ሾፌር መስጠት ግድ አይደለም። የደጀንን ዳገት ጨርሶ የገባ ሾፌር በማግስቱ ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳል፤ የእሱ እንቅልፍ የተሳፋሪዎቹ ነፍስ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከመስጠት በፊት «ነገ ስንት ሰዓት ይነሳሉ?» መባል አለበት። ከቤተ ክርስቲያን የሚሰማው የኪዳንና የማኅሌት ድምፅ ግን ሆቴሉ የሚያስተካክለው ነገር አይደለም፣ ሊያስተካክለውም አይገባም። ለማያውቅ እንግዳ አስቀድሞ መንገርና ወደ ኋላ ያለውን ክፍል መስጠት ነው። ለክብረ በዓል የመጣ ምእመን ደግሞ ደስ የሚለው ያው ድምፅ ሲሰማ ነው።

ከመናኸሪያ አጠገብ ያሉ ቤቶች ላይ የሚደጋገም ሌላ ቅሬታ አለ፦ «በሩ ተቆልፎ አውቶቡስ አመለጠኝ»። አውቶቡሱ ማለዳ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚነሳ ከሆነ የእንግዳው ሒሳብ ማታውኑ ይዘጋ፣ ደረሰኙ ይሰጠው። የግቢው ቁልፍ ያለው ዘበኛ ማን በስንት ሰዓት እንደሚነሳ በወረቀት ይጻፍለት። ቁርስ በዋጋው ውስጥ ካለ ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዘጋጅ።

ስለ ቁርስ ካነሳን፣ ሰፊው የጎጃም እንግዳ ጾመኛ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15። በእነዚህ ቀናት እንቁላልና ወተት ደርድሮ «ቁርስ ከነዋጋው» ማለት ለብዙው እንግዳ ባዶ ጠረጴዛ ነው። ቅቤ የሌለው ፉል፣ ሽሮ፣ የጾም ፍርፍር ቢኖርም፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት 2 ሰዓት አይበላም፤ ለከፈለው ቁርስ ማታ ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ እንዲበላ መፍቀድ ተገቢ ነው። ወጥ ቤቱ ደግሞ እንቁላል በተጠበሰበት መጥበሻ ድንች እንዳይጠብስ፣ ቅቤ የነካ ማንኪያ ሽሮ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቅ። ለየኔታ ወይም ለመነኩሴ እንግዳ ይህ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። የጣናን ዓሣም በጾም ምግብ ዝርዝር ውስጥ ሳይናገሩ አያስገቡት፤ የሚበላ አለ፣ የማይበላው ግን ይበዛል።

የቀን መምታታት በጥምቀት፣ ጥር 23 በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓልና በዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሰሞን አልጋ ሁሉ ሲሞላ ትልቅ ጠብ ያመጣል። 11/5 ብሎ የተመዘገበ አልጋ ለእኛ ጥር 11 ነው፤ ለውጭ ሰው ሜይ 11 ወይም ኖቬምበር 5 ነው። ወሩ በስሙ ይጻፍ፣ ሁለቱም አቆጣጠር ይቀመጥ፦ ጥር 11፣ ጃንዋሪ 19። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ጥር በአንድ ቀን እንደሚገፋ አይረሳ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ክፍል ልቀቁ የሚለው ማስታወቂያ 12፡00 ካለ አገሬው እስከ ማታ ይመስለዋል፤ «ከቀኑ 6 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ።

በዋጋ ላይ አንድ ነገር ብቻ። 1,000 ብር ተብሎ የተነገረ ክፍል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከልበት 1,265 ብር ይሆናል። እንግዳው ገንዘቡ ላይቸግረው ይችላል፤ የሚያንገበግበው ጠዋት መስማቱ ነው። መጀመሪያ የሚነገረው የመጨረሻው ዋጋ ይሁን።

እንግዳው ይሉኝታውን አሸንፎ ከተናገረ ደግሞ መልሱ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ አላለንም» ማለት ውሸታም ነህ ማለት ነው። «መብራት ኃይል ነው» እና «ነገ ይታያል» ሰውየውን ብቻውን ይተዉታል። የሚሠራው መልስ አጭር ነው፦ «ይቅርታ ያድርጉልን ጋሼ። ቧንቧ ሠራተኛው በ10 ደቂቃ ይመጣል፤ ካልሆነ ሁለተኛ ፎቅ ሌላ ክፍል አለ፣ ዕቃዎን እኔ አወጣልዎታለሁ።» ከዚያ በ10ኛው ደቂቃ መገኘት ነው፤ ሠራተኛው ባይመጣ እንኳ አለመምጣቱን ለመንገር።

ይህ የሚሆነው ግን ሪሴፕሽን ላይ የሚያድረው ልጅ ሥልጣን ሲኖረው ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ክፍል ለመቀየር ባለቤቱን ከእንቅልፍ መቀስቀስ ይጠይቃል፤ ልጁም ስለሚፈራ እንግዳውን ያባብላል። ባለቤቱ ሁለት ነገር አስቀድሞ ይፍቀድለት፦ ሳይጠይቅ ክፍል መቀየር፣ እና ውሃ ወይም መብራት ሌሊቱን ሙሉ ከጠፋ ከሒሳቡ ላይ የተወሰነ ገንዘብ መቀነስ። መጠኑ በቁጥር ይጻፍለት። በአጠገቡም አንድ ደብተር ይኑር፤ ቀን፣ የክፍል ቁጥር፣ የተባለው ነገር፣ ማን እንዳስተካከለው፣ መቼ። ባለቤቱ ደብተሩን ሰኞ ሰኞ ሲያይ፣ አንድ የክፍል ቁጥር ሦስት ጊዜ ከተጻፈ ያ ክፍል እስኪጠገን ድረስ ቁልፉ ከሰሌዳው ላይ ይነሳ።